በ«ጋሪ» የሄደው አምስተኛ ክፍል

ድሬ ላይ ደመና የሚጠላ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እኛ ሰፈር ሳቢያን ሰማዩ ትንሽ ጠቆር ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን ደጅ ያወጣና «አልሀምዱሊላህ! እሰይ፣ ዛሬስ ተነፈስን!» ይላል። እኔ ወንበሬን ይዤ ቤት እገባለሁ። በሐረር በኩል ያለው ተራራ ከጠቆረማ ምሳም አልበላ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ዝናቡ የሚወርደው ባንተ ላይ ብቻ ነው እንዴ?» ትለኛለች። እሷ ምን ታድርግ! የኔን ጣጣ ያመጣው ዝናብ አይደለም፤ አንዲት ቃል ናት። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አስተማሪ ነኝ። ከዋሂል ከተማ አልፎ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ፣ ድንጋይ የበዛበት መንደር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። አዎ፣ ቤቱም ገበያውም ኦሮምኛ በሆነበት አገር! ትምህርት ቤታችን አራተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። አምስተኛ የፈለገ ዋሂል ድረስ በእግሩ ነው። ወንዶቹ ይሄዳሉ። ሴቶቹን ግን አባቶቻቸው «ወንዙ የሞላ ቀን ምን ይውጣታል?» ይሉና ፍየል ጥበቃ ያሰማሯቸዋል። በወንዙስ አይፈረድባቸውም። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ላይ ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ሳይታሰብ ከች ይላል።

ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ውስጥ ሀዋ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ጥያቄዋ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። አንድ ቀን «ባርሲሳ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «‹በላ› እና ‹ተበላ› የሚለዩት በአንዲት ‹ተ› ነው? ታዲያ ጅብ የያዘው ሰውዬ ለእርዳታ ሲጮህ ‹ተ›ዋን ቢረሳስ?» እስቲ መልሱልኝ! አባቷ ኦቦ ዩሱፍ ደግሞ ቁርጡን ነግረውኛል። አምስተኛ እዚህ ከተከፈተ ትማራለች፤ ካልተከፈተ ፍየሎቹ አሉ።

አምስተኛ ይከፈትልን ብለን አመለከትን። «መጀመሪያ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ይመዝናችኋል» ተባልን። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛ? ርዕሰ መምህራችን አብዲ መጸዳጃ ቤቱን ኖራ ቀባ፣ የተሰበረውን ዴስክ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የቀረው የልጆቹ አፍ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ለድሬ አዲስ ሰው ነው፣ የሚጠይቀውም በአማርኛ ነው አሉ። የኛ ልጆች ደግሞ እንግዳ ሲያዩ ያስተማርኳቸው አማርኛ በሙሉ በመስኮት ይወጣል። አብዲ መላ አመጣ። «‹እንዴት› የምትል ቃል ከሰማችሁ፣ ሌላው አያስጨንቃችሁ፤ መልሱ ጋሪ ነው!» አላቸው። ጋሪ በኦሮምኛ ጥሩ ማለት ነው። መምህሩ እንዴት ነው? ጋሪ! መጽሐፉ እንዴት ነው? ጋሪ! ሀዋ እጇን አወጣች። ጥሩ ያልሆነውን ነገር እንዴት ነው ቢለንስ አለች። አብዲ «እሱም ጋሪ!» አላት።

ሰውየው መጣ። ክፉ እንዳይመስላችሁ፣ ትሁት ነው። ልጆቹ በነፃነት እንዲናገሩ መምህራን ውጭ ቆዩልኝ አለ። እኔና አብዲ መስኮቱ ሥር ተለጠፍን። የእሱ ድምፅ አይሰማም፤ የልጆቹ ግን ጣሪያ ያነሳል። ጋሪ! ጋሪ! ጋሪ! አብዲ ትከሻዬን እየደበደበ «ያ ጀማዓ፣ አለቀ እኮ! አምስተኛ ተከፈተ በለው!» ይለኛል። እኔ ግን፣ እንጃ፣ ጋሪው በዛብኝ።

የፈሩት ይደርሳል። ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ ተማሪዎቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት በጋሪ መሆኑን በአንድ ድምፅ አረጋግጠዋል፤ በዚያው ጋሪ ዋሂል ሄደው መማር ስለሚችሉ አምስተኛ ክፍል እዚህ መክፈት አላስፈለገም። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ለካ ሰውየው «እንዴት ነው የምትመጡት?» ብሎም ጠይቋል! ሀዋ ኋላ እንደነገረችኝ «በእግራችን» ብላ ነበር፤ የጓደኞቿ ጩኸት ዋጣት። በዚያ መንደር እንኳን ጋሪ፣ ጎማ ያለው ነገር የአብዲ ሞተር ብቻ ነው። ይታረምልን ብሎ አብዲ ቢሄድ፣ እርማት በሚቀጥለው ዙር ነው ብለው መለሱት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ለኦቦ ዩሱፍ ማን ይንገር? እኔው ሄድኩ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ መንግሥት ጋሪ አላችሁ ካለን፣ እኛ ማን ሆነን የለንም እንላለን?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፍየል ሸጠው ድሬ ወረዱና በአሮጌ ባጃጅ ጎማ ጋሪ አስበየዱ። አህያዋን ጠመዱባት። ሀዋንና ጓደኞቿን ጭነው ዋሂል፣ አምስተኛ ክፍል! ጋሪዋ ስትመለስ ባዶዋን ከምትሄድ ብለው እኔን ይጭኑኛል፤ ከሳቢያን በሚኒባስ ዋሂል ደርሼ እጠብቃታለሁ። እንግዲህ ደመና የምጠላው ለዚህ ነው። ጋሪዋ ወንዙን ሳትሻገር አትመጣማ!

በቀደም ተራራው ጠቁሮ አደረ። ዋሂል ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደወል ተደወለ፣ ጋሪዋ የለችም። ሰልፉ ተበተነ፣ የለችም። ለቁልቢ ገብርኤል ያልተሳልኩት ነገር የለም። በኋላ ልጆቹ በእግራቸው ብቅ አሉ፣ እስከ ወገባቸው ርሰው። ጎርፉ ጋሪዋን ወንዙ መሀል አስቀርቷታል፤ ኦቦ ዩሱፍ ልጆቹን በጀርባቸው አሻግረው አህያዋን ሊያወጡ ተመልሰዋል። ሀዋ ደብተሮቿን አናቷ ላይ ተሸክማለች። አቅፌያት አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ይሄኔ ከኋላዬ «መምህር! ሰላም ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሱፐርቫይዘሩ! ዋሂልን ሊመዝን መጥቷል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩ በልቤ፤ ይኸው በዓይኑ አየልን! ወደ ሀዋ ጎንበስ ብሎ «እንዴት ነው የመጣችሁት፣ የኔ ልጅ?» አላት። ሀዋ የሆነውን ልትነግረው ጀመረች። «ጋሪ...» አለች። ከዚያ በላይ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ አላስኬዳትም።

«አይ የድሬ ልጅ!» አለ በአድናቆት። «እንዲህ ርሰውም ጥሩ ነው ይላሉ!»

«ኧረ ጌታዬ!» ብዬ ጮህኩ፣ «ጋሪ ያለችው የእውነቷን ጋሪ፣ አህያ የምትጎትታትን...»

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «ግድ የለህም መምህር፣ አታስተርጉምልኝ። ባለፈው ባለማወቄ አጥፍቼ ነበር፤ ይኸው ኦሮምኛ ተማርኩ» አለኝና ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ፦ መንገዱ ጥሩ ነው።