ገመድ ይዞ የሚከተል ሰው

አዲስ ነገር በተወለደበት ሁሉ ከአዋላጁ ቀድሞ ቀባሪው ይደርሳል። በጀርመን አገር፣ በባደን ኮረብቶች ሥር ባለችው ከተማችን ይህን ማዕረግ የያዙት ባለጋሪው፣ ክቡረ ክቡራን ሌበሬክት ሽቱምፕ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ «አይሄድም!» አሉ። ሄደ። ብስክሌት ሲመጣም «አይሄድም!» አሉ። እሱም ሄደ። ክቡርነታቸው ግን በእንዲህ ዓይነቱ ጥቃቅን ነገር ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

መካኒኩ አንዜልም ሞተር የገጠመባትን ባለሦስት እግር ሠረገላ ከግቢው ሲያወጣ፣ ክቡርነታቸው ፈረሳቸውን ጋሪያቸው ላይ ጠምደው፣ ገመድ ይዘው ከኋላ ተከተሉት። ነዳጁ ከመድኃኒት ቤት በጠርሙስ የሚገዛ የልብስ ማጽጃ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ በእድፍ ማስለቀቂያ ልትጋልብ ነው? አይሄድም!»

«ገመዱ ለማን ነው፣ ጋሽ ሌበሬክት?»

«ለቀብርህ!»

ቁልቁለት ላይ የእንጨት ፍሬኑ ሲጨስ «አይቆምም!» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ «ጫማ ሰፊው ዘንድ ሂድና ቆዳ አስመታበት፣ ደንቆሮ!» አሉ። አስመታበት፤ ቆመ። እኛ «ይሄዳል» ባዮቹ በዚያን ጊዜ ከመጠጥ ቤቱ አግዳሚ አልተነሣንም።

በመጨረሻ የፈተናው ቀን መጣ። ሠረገላዋ ያለ ፈረስ ዳገቱን ከወጣች በአደባባይ መንገድ እንድትሄድ ሊፈቅዱ፣ ካልወጣች ሊከለክሉ፣ የአውራጃው ሹም አናቱ ላይ ቆመው ጠበቁ። ለአንዜልም የወጣትነቱ ድካም ሁሉ እዚያች ዳገት ላይ ነበር። እኔ ከክቡር ሌበሬክት ጎን ጋሪው ላይ ተቀምጫለሁ።

ሹሙ ከማያዩት ኩርባ ስንደርስ ሠረገላዋ ቀጥ አለች። ሞተሩ ይንተከተካል፤ መንኮራኩሩ እምቢ አለ። አንዜልም አመድ መስሎ ዞር ብሎ ገመዱን አየ።

ሽማግሌው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ቃላቸው ሊሰምርላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን ገመዱን ጭኔ ላይ ጥለው ወረዱና ትከሻቸውን ከሠረገላዋ ጀርባ አስደገፉ።

«አይሄድም ብያለሁ! መሪህን ያዝ፣ ግትር! አይሄድም! አይሄድም!»

እየጮኹ ገፉ። ሄደ።

አናቱ ላይ ሹሙ በጥርጣሬ አዩን። «ፈረስ ጎትቶታል?»

«ገመዴ ከጋሪዬ አልወረደም፣ ጌታዬ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ሐሰት የለበትም።

ሹሙ ፈቅደው እንደሄዱ ሽማግሌው የአንዜልምን ጆሮ ያዙ። «ለዳገት ሌላ ማርሽ ጨምርበት። ያለዚያ አይሄድም!»

ጨመረበት።

ዛሬ መኪኖች ያችን ኩርባ ሽው ብለው ያልፏታል። እኔም አርጅቼ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ ማን እየገፋን እንደሆነ ለማየት ዞር እላለሁ።