የግራዝማች ባሌስትራ

ወዳጄ፣ ከሰው በላይ ካልተቀመጠ የማይሄድ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? የእኔ ጎረቤት ግራዝማች እንዲህ ናቸው!

ግራዝማች በቅሎ ሰልችቷቸው ጂፕ ገዙ። «ከኮርቻዬ ዝቅ ብዬማ አልሄድም!» አሉና የአሮጌ ዕቃ መሸጫው ምናለሽ ተራ ይዘውኝ ሄዱ፤ መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ ፍለጋ። ሻጩ የጂፕ ቢያቀርብላቸው የከባድ መኪናውን መረጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጤፍ ጫኝ መኪና ነው!» አለ ሻጩ።

«እና እኔ ከጤፍ አንሳለሁ?»

ተገጠመ። ጂፗ ተነሥታ ስትቆም፣ አቤት ግርማ! መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ግራዝማች ግን እግራቸውን ቢያነሱ፣ ቢያነሱ፣ አልደርስ አለ። በቅሎዋ ተጠራች፤ ከጀርባዋ ተሻግረው ገቡ።

መውረጃስ? እሱም በበቅሎዋ ነው! እናም ይኸው፣ በሄዱበት ሁሉ በቅሎዋ ከፊት ትመራለች፤ ጂፗም በእሷ እርምጃ ቀስ እያለች ትከተላታለች።