ሊቀ ካሴት ፍሥሐና ያቺ አንዲት ጭብጨባ

አንድ ቦታ ከተማ ለመባል ማዘጋጃ ቤትና አስፋልት አይበቁትም። «ኦሪጅናሉን ሰምተኸዋል?» የሚል ሰው ሊኖረው ይገባል። ይህ ሰው በየአገሩ አለ። እናንተ ስለ አዲስ ዘፈን ስታወሩ ከጎን ሆኖ በአዘኔታ ያያችኋል፤ ዘፈኑን ያንጎራጎራችሁ እንደሆነ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ «እሱማ ቅጂው ነው» ይላችኋል። እነዋሪ ለገበያ ሄጄ አንዱን አግኝቻለሁ፤ አዲስ አበባ በየታክሲው ተሳፍረው ይሄዳሉ። የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ግን ያለው እኛው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንድ ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ባላት ፀጉር ቤት ነው። ይህን ስናገር አላዳላሁም፤ ካዳላሁም ለአገሬ ነው።

ክቡርነታቸው ጋሽ ፍሥሐ ይባላሉ። የአንኮበር ልጅ ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ድቁናውን ከጀመሩ በኋላ ትተውት መቀስ ያዙ። በዚህ ምክንያት የቀረባቸውን ማዕረግ ከተማው አልነፈጋቸውም፤ «ሊቀ ካሴት» ብሎ ሾማቸው። ሹመቱ ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ተቀበሉት።

ሊቀ ካሴት የሚያውቁት ካሴት አንድ ብቻ ነው። «ቁልቁለቱ» ይባላል፤ የአገራቸው ልጅ ሥርጉት ወልደተንሣኤ በ1989 ዓ.ም. ያወጣችው ነው። ከዚያው ካሴት ሦስት አላቸው። አንዱ የአዘቦት ነው፣ አንዱ የዓመት በዓል፣ ሦስተኛው ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ «ለክፉ ቀን» ተቀምጧል። የአዘቦቱ ሰባት ጊዜ ተበጥሶ ሰባት ጊዜ በባለቤታቸው በእትዬ እናትነሽ የጥፍር ቀለም ተጣብቋል። እትዬ እናትነሽ ካሴቱን «ጣውንቴ» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት ባላቸው ከቤት ሲወጡ «ጣውንቴን ብርድ እንዳያገኛት ጋቢው ውስጥ አድርጋት» እያሉ ይሸኟቸዋል።

በጋሽ ፍሥሐ ፀጉር ቤት ስለ ፖለቲካ ማውራት ይፈቀዳል፤ ስለ ኳስም ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ገጽ ሦስተኛ ዘፈን ላይ ሲደረስ ግን መቀሱ ይቆማል። ማሳል ያሰበ አስቀድሞ ይስላል። ሥርጉትም እንዲህ ትላለች፦

ካንኮበር ብጣራ አልሰማ አሊዩ አምባ፣
ድምፄን ጭጋግ ይዞት ገደል ውስጥ ሲገባ።

እዚህ ላይ መሰንቆው ዝም ይላል። አንድ ትንፋሽ ያህል ፀጥታ ይሆናል። ከዚያ ፀጥታ መሃል አንዲት ጭብጨባ ለብቻዋ «ጧ» ትላለች፤ ሌሎቹ ከእሷ በኋላ እየተንጋጉ ይገባሉ። ጋሽ ፍሥሐ መስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያዩ «እኔ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ የት ላይ እንዳቆሙ ግን አያስታውሱም። በዚህ የተነሳ ሃያ ዓመት ሙሉ ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይኖራል።

አንድ ሙሽራ በሰርጉ ጠዋት ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ። ግማሽ ጭንቅላቱ እንደተስተካከለ ሦስተኛው ዘፈን ገባ፤ ግጥሙ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ጋሽ ፍሥሐ «ይቺ ሳትሰማ አይኬድም» ብለው ፀሐይ ላይ አስጥተዋቸው የነበሩትን የባትሪ ድንጋዮች ሊያመጡ ወጡ። ድንጋዮቹ አልሞቁም ነበር፤ እስኪሞቁ ተጠበቀ። ሚዜዎቹ ሰዓት እያዩ ቢቁነጠነጡም ሙሽራው ግን ጭብጨባዋን ሰምቶ ነው የተሞሸረው። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የሦስቱንም ፀጉር እዚያው ነው የሚያስቆርጠው።

የጭብጨባዋ ታሪክ እንዲህ ነው። ሥርጉት ካሴቱን ስትሠራ «የሚያጨበጭቡልኝ የአገሬ ሰዎች ካልሆኑ አልዘፍንም» ብላ፣ ሦስተኛውን ዘፈን እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንድ አዳራሽ አስቀዳች። አሥራ ሁለት አጨብጫቢ ተመረጠ። አሥራ አንዱ ከተሜዎች ነበሩ፤ ፊታቸው ቆሞ ምልክት የሚሰጣቸውን ሰውዬ እጅ እያዩ ነው የሚያጨበጭቡት። አሥራ ሁለተኛው ወጣቱ ፍሥሐ ነበር። ሰውዬው እጁን ሳያወርድ ፍሥሐ አጨበጨበ። የመቅጃው ክር አልቆ ነበርና እንደገና አልተቀዳም።

ስህተት ነው ያላችኋቸው እንደሆነ ግን ወንበሩ ላይ ግማሽ ጭንቅላታችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። «በእኛ አገር» ይላሉ፣ «ጭጋጉ ከገደሉ ሲነሳ የሰርግ ዳስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የመሰንቆ መቺው እጅ ከየት ይታያል? ግጥሟ ስታልቅ ነው የሚጨበጨበው፣ በጆሮ። እኔ አልቀደምኩም፤ እነሱ ዘገዩ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ለሁሉ ነገር ታገለግላቸዋለች። ለእድር ስብሰባ ማንም ሳይመጣ ደርሰው፣ ዳኛውን ጠብቀው፣ ተናደው ወደ ቤታቸው ሲመለሱም ያሉት ይህንኑ ነው።

ችግሩ የአጨብጫቢ ስም ካሴት ላይ አለመጻፉ ነው። ከአሥራ አንዱ ገሚሱ ሞተዋል፤ ገሚሱ አገር ለቀዋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ «ያቺ ጭብጨባ የእኔ ናት» የሚል ሰው አሁን ሃያ ይሞላል። ባጃጅ ነጂው ባየው ከሃያዎቹ አንዱ ነው። ካሴቱ ሲቀዳ አልተወለደም። ይህን ሲነግሩት አያፍርም፤ «የአባቴ እጅ ናት፣ እኔ ወርሻታለሁ» ይላል። እኔም ብሆን ጋሽ ፍሥሐን በሙሉ ልቤ አላመንኳቸውም ነበር። ሃያ አንደኛው ናቸው እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ እኔ ተራዬን ስጠብቅ ምስጋና የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ ሥርጉት “ቁልቁለቱ”ን እንደ አዲስ ቀድታዋለች። በሙሉ። ዛሬ ወጣ።»

ጋሽ ፍሥሐ መቀሱን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ስልኩን ተቀብለው ቴፑ ላይ አስደገፉትና ሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ ምስክር እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። «ድምጿ ሥር ሰዷል» አሉ። «ዕድሜ እንዲህ የሚያሳምረው የአንኮበርን ሰው ነው።» ኩራታቸው ፊታቸው ላይ ሞቅ ብሎ ታየ። ሁለተኛው አለቀ። ይህን ጊዜ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ታጥቧል» አሉ። «በጣም ታጥቧል። የበጉ ሽታ የሌለው የሱፍ ባና ማንን ያሞቃል?» ምስጋና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የምንጠብቀው ይህንኑ ነበርና።

ሦስተኛው ገባ። ሥርጉት ከአንኮበር ተጣራች፤ አሊዩ አምባ አልሰማ አለ፤ ድምጿ ጭጋግ ይዞት ገደል ገባ። መሰንቆው ዝም አለ። ጋሽ ፍሥሐ «እኔ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ምንም አልተሰማም። ንጹሕ ፀጥታ ሆነ፤ ከዚያ ሁሉም እጆች አንድ ላይ፣ በሰዓታቸው፣ እንደ ወታደር እርምጃ ገቡ።

«መልሰው» አሉ። ምስጋና መለሰው። «አንዴ ድገመው።» ደገመው። ከዚያ ጋሽ ፍሥሐ ቀስ ብለው ነጭ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ወንበሩ ላይ የነበረውን ሰውዬ «ነገ ና» አሉትና መዝጊያውን ዘጉ። ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።

ፀጉር ቤቱ ሦስት ቀን አልተከፈተም። በአራተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ እናትነሽ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ግባ ልጄ። ጣውንቴ ሞታ ለቅሶ ላይ ነን» አሉ። አልሳቁም ግን።

ጋሽ ፍሥሐ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? የድሮው እኮ አለ። ሦስት አለዎት።»

«እጄን ቆረጧት» አሉኝ። ቀጥለውም የተናገሩትን በሃያ ዓመት ውስጥ ተናግረውት አያውቁም። «ስማኝ። የፀጉር አስተካካይ ሥራ በሦስት ሳምንት ይጠፋል። ያደገ ፀጉር ማን እንደቆረጠው አይናገርም። የዚህን አገር ጭንቅላት ሁሉ ሠርቻለሁ፤ አንዱም የለም፤ ሁሉም በቅሏል። ሳይበቅል የቀረልኝ ያቺ ብቻ ነበረች። ካሴት ማጫወቻ ያለው ሰው አሁን ስንት ነው? ልጆቹ የሚሰሙት አዲሱን ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ እኔ የለሁም።»

ሃያ አንደኛው ናቸው እያልኩ ስስቅ መኖሬ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። እንዲህ የሚያዝን ሰው አይዋሽም።

በዚያው ሰሞን ሥርጉት አዲሱን ሥራ ይዛ ደብረ ብርሃን እንደምትመጣ ተለጠፈ፤ እሑድ ከሰዓት፣ በትልቁ አዳራሽ። ጋሽ ፍሥሐ አልሄድም አሉ። እትዬ እናትነሽ «ሃያ ሰባት ዓመት ከጣውንት ጋር ያኖርከኝ ሰው አንድ ቀን ፊቷን ልታሳየኝ ይገባል» አሏቸው። ጋሽ ፍሥሐ ጫማቸውን ፈለጉ። በባየው ባጃጅ ሄድን፤ ባየው መንገዱን ሙሉ ስለወረሳት ጭብጨባ አወራ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከአንኮበር የመጣ አለ፤ ከአሊዩ አምባ ገበያ ዕቃውን ለጎረቤት አስጠብቆ የወጣ አለ። ሥርጉት ባለ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ ጋሽ ፍሥሐ ማንም እንዳያያቸው ቶሎ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። ሁለት ዘፈን ሄደ። ሦስተኛው መጣ።

ድምፄን ጭጋግ ይዞት ገደል ውስጥ ሲገባ።

መሰንቆው ዝም አለ። ከበሮ መቺው በአዲሱ ሰዓት ሊመታ እጁን አነሳ። እጁ ሳይወርድ አዳራሹ በሙሉ «ጧ» አለ።

አንድ ሰው ሳይሆን ያ ሁሉ ሕዝብ ነው ያጨበጨበው። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር። ማንም አልተማከረም። ሃያ ሰባት ዓመት በየቤቱ፣ በየሰርጉ፣ በየፀጉር ቤቱ የሰማው እንዲያ ነውና ሌላ መንገድ አያውቅም። የእኔም እጆች ሳላዝዛቸው ነው የተጋጩት። ከበሮ መቺው እጁን አንጠልጥሎ ቀረ፤ የሙዚቃ ባንዱ ተምታታበትና ቆመ።

ሥርጉት ማይኩን ዝቅ አድርጋ አየችን። ከዚያ ሳቀች።

«ቆዩማ» አለች። «ይህን ማን ነው ያስተማራችሁ?»

ሃያ እጅ ወጣ። ባየው ሁለቱንም እጆቹን አወጣ፤ አንዱ የአባቱ መሆኑ ነው።

«እናቴ አንኮበር ሰርግ ላይ እንዲህ ነበር የምታጨበጭበው» አለች ሥርጉት። «ባለሙያዎቹ ስህተት ነው፣ ይውጣ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ባልል ይሻል ነበር። በሉ ከመጀመሪያው እንለዋለን።» ወደ ባንዱ ዞረች። «እነሱን ጠብቁ። ሰዓቱ የእነሱ ነው።»

ወደ ጋሽ ፍሥሐ ዞርኩ። ሁለቱ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያውጡ እንጂ። እርስዎ መሆንዎን ትወቅ።»

«ለምን ብዬ?» አሉኝ። አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። የመሪጌታ ልጅነታቸው ያን ዕለት ታየኝ፤ ደብሩ ሞልቶ ያደረለት አለቃ መስለው ነበር። «እኔ አልቀደምኩም፤ እነሱ ዘገዩ ስላችሁ ነበር።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ደረሱ።»

እትዬ እናትነሽ የባላቸውን እጅ ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ያዙት፤ ግጥሙ እስኪያልቅም አልለቀቁትም። በሁለተኛው ዙር ጋሽ ፍሥሐ በዚህ ምክንያት አላጨበጨቡም። ማንም ግን አልዘገየም።

ባለፈው ወር ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። አራት ወንበር አለው፤ መስታወቱ አልተሰነጠቀም። አስተካካዩ ጭንቅላቴን በሁለት ጣቱ ወዲያና ወዲህ እያዟዟረ ብዙ ተመለከተኝ።

«የግራው ከቀኙ ከፍ ብሏል» አለኝ። «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ? ላስተካክለው?»

መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ልክ ነው፤ ሁለት ጣት ያህል።

«ተወው» አልኩት። «ኦሪጅናሉ ነው።»