ለማኅሌት ያልደረሰው ወሬ

በየከተማው ዓለምን ካልለካ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቱ ከሆኑ መከራዎን ያውቁታል። ሻይ ቢቀዱለት እስኪቀዘቅዝ የሚፈጀውን ጊዜ ያሰላል፤ ሠርግ ቢጠሩት ማን ማንን እንደጠራ በነጥብና በመስመር ይስላል። የላሊበላው ክቡር ተመራማሪ መምህር ምስጋኑ ነው፤ የፊዚክስ መምህር፣ ወንደላጤ፣ ምሳውን በልቶ እንደሆነ ሰው ጠይቆ የሚያስታውስ። ማኅሌት ይህን ሁሉ የምታውቀው እዚያው ግቢ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ስለተከራየች ነው። ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ስትመለስ ደግሞ ሳትመዘገብ ፊዚክስ ትማራለች።

“ሁሉም አንድ ቀመር ነው” ይላል መምህሩ። ወሬ ከሰው ወደ ሰው ቢዘል፣ ስንጥቅ በጭቃ ግድግዳ ላይ ቢሮጥ፣ ከሰማይ የሚወርድ ደቃቅ ቅንጣት በድንጋይ ውስጥ ቢገባ ለእሱ ጉዳዩ ያው ነው። መንገድ አግኝቶ ያልፋል ወይስ መሐል ላይ ይቀራል? ጥያቄው ይኼ ብቻ ነው።

አንድ ሰሞን ጭድ የበዛበትንና ያነሰበትን ጭቃ አቡክቶ፣ ጡብ አስመስሎ በአጥሩ ላይ ደረደረና በየላያቸው ድንጋይ ጫነባቸው። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ ሊያይ ነው። ቀድሞ ያለቀው ግን የአከራያቸው የእትዬ ገለቴ ትዕግሥት ነበር፤ አንዱ ጡብ የተናደው ባሰጡት በርበሬ ላይ ነዋ። እሳቸው በርበሬያቸውን ሲለቅሙ እሱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ስንጥቁ በየት በኩል እንደሮጠ ያስረዳቸው ነበር።

ሌላ ጊዜ ከአሮጌ ስልክና ከፕላስቲክ ዕቃ የሠራውን መሣሪያ ይዞ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። ድንጋዩን አልፈው የሚመጡ ቅንጣቶችን ሊቆጥር። መሪጌታ ተክለ ሚካኤል በዚያ ሲያልፉ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቁት። በድንጋዩም በእኛም ውስጥ እያለፉ የሚሄዱ፣ እኛ ግን ልብ የማንላቸው ነገሮች እንዳሉ ነገራቸው። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና “እንደ ዘንድሮ ቱሪስት በለኛ፤ ታይቶም አይታወቅ” ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህን ሲያወራላት ማኅሌት ሳቀች። ክፍሏ ስትገባ ግን ሳቁ ጠፋ። በየቀኑ በአጠገቧ የሚያልፍና ልብ የማይላት ሰው እሷም ነበራት። ትወደው ነበር፤ ይኼን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

ጉድ ያመጣው የወሬው ሙከራ ነው። የስልክ ኔትወርክ የጠፋበት ሰሞን ነበር። መምህሩ ጋሸና ከተማ ሄዶ፣ ለሚኒባስ ሹፌሩ ለአባስ ብቻ፣ ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ሊሄድ መሆኑን ነገረው። ውሸት ነው። ወሬ ያለ ስልክ እንዴት እንደሚጓዝ ሊለካ ፈልጎ፣ ማንንም የማያስቀይም ወሬ ሲያስብ የራሱን መሄድ መረጠ። ከዚያ ላሊበላ ተመልሶ፣ የመጣውን ሁሉ ከማን እንደሰማ እየጠየቀ ወረቀት ላይ መስመር ማስመር ያዘ።

የረሳው ነገር ቢኖር፣ በዚህ አገር ሰው ሊሄድ ነው ሲባል የሰማ ሁሉ ሰምቶ ቁጭ አይልም። ስንቅ ይዞ ይመጣል። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው ጠረጴዛውን ሞላው። አንድ የተማሪ አባት ከብልባላ ድረስ ማር ይዘው መጡ። እትዬ ገለቴ እንኳ የበርበሬውን ነገር ይቅር ብለው አለቀሱ፤ እግረ መንገዳቸውንም ለክፍሉ ሌላ ተከራይ ማፈላለግ ጀመሩ።

ስንቁ የመጣው ማኅሌት ሥራ ላይ ሳለች ነበርና ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። ልቅሶ ሲሆን ግንባር ቀደም የሆኑት የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ሴቶች መድኃኒት ቤቷ ድረስ መጡ እንጂ። ምንም ሳይገዙ ተቀመጡ፤ በረጅሙ ተነፈሱ፤ “አይዞሽ” አሏት። ሴቶች ተሰብስበው መጥተው፣ ሌላ ሳይናገሩ አይዞሽ ካሉ ነገሩ መርዶ ነው። ማኅሌት ፍላቂት ያሉት አባቷ ትዝ አሏት። ስልክ የለ፣ ድምፃቸውን ከሰማች ሰንብታለች። ባንኮኒውን ተደግፋ “አባቴ” ብላ ማልቀስ ጀመረች።

“ኧረ አባትሽስ ደኅና ናቸው” አለች ፊት ለፊት ሱቅ ያላት አገሬ፣ ደንግጣ እጇን ይዛ። “እኛ መምህሩ ሊሄድ ነው ብለን ነው እንጅ። አንች ሳትሰሚ ትቀሪያለሽ ብለን መች አሰብን።”

ማኅሌት ፈጣሪዋን አመሰገነች። ከዚያ ለአባቷ የጀመረችውን ልቅሶ ለመምህሩ ቀጠለችው፤ ሴቶቹም አጀቧት።

ግቢ ስትደርስ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ከተማው ሁሉ ነጥብ ሆኖ በመስመር ተያይዟል። አንዲት ነጥብ ብቻ መስመር ሳይደርሳት ቀርታለች፤ አጠገቧ የማኅሌት ስም ተጽፏል። ቀና ብሎ አንቺስ ከማን ሰማሽ አላት።

ማኅሌት ስትቆጣ አንቱ ትላለች። “ማንም አልነገረኝም፣ መምህር። አጽናኑኝ እንጂ። እርስዎ ቀድመው ለእኔ የነገሩኝ መስሏቸው ነው።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወሬው ውሸት መሆኑን ነገራት። እንደምትወደው ከተማው በሙሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ እንዳላወቀ ሲገባው ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ ስለ ቀመር አንድም ቃል ሳያነሳ፣ እሱም በሆዱ ይዟት እንደኖረና እምቢ እንዳትለው ፈርቶ ዝም እንዳለ ነገራት።

“መሄድህ እውነት የሆነ ቀን ከእኔ ጀምር” አለችው። አንቱታው በዚያው ቀረ።

ከተማው ውሸቱን ሰምቶ ስቆ ከተወው፣ ክረምቱም ካለፈ በኋላ፣ መሄዱ እውነት ሆነ። መምህሩ በቀን መድኃኒት ቤት መጥቶ ገዢው ሁሉ እስኪወጣ ጥግ ይዞ ጠበቀ። “ውጭ አገር ለዶክትሬት ተቀበሉኝ” አላት። “ካንቺ ሌላ የነገርኩት ሰው የለም።” እንኳን ደስ አለህ አለችው፤ ከልቧም ነበር። ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ሙከራውን የሚረዳለት ሰው እንዲያገኝ ስትመኝለት ነው የኖረችው። ግን ገና ከበሩ ሳይርቅ ናፈቃት።

ወዲያው አገሬ የልጇን የሳል ሽሮፕ ልትወስድ ገባች። ምን አዲስ ወሬ አለ ብላ ጠየቀቻት። ማኅሌት ታውቃለች፤ አንድ ቃል ካመለጣት ከተማው ሳይመሽ ቆሎ መቁላት ይጀምራል፤ ስንቁ ከተቋጠረ ደግሞ ሰውየው መሄዱ ነው።

“ምንም የለም” አለቻትና ሽሮፑን ጠቅልላ ሰጠቻት።