ገና አልተጀመረም

[አንደኛ ፎቅ ላይ ያለች ልብስ ስፌት ቤት። በረንዳዋ ቁልቁል የመንገዱን መታጠፊያ ያያል። መንገዱ ለመኪና ውድድር ተዘግቶ በሲሚንቶ ግንብና በሽቦ ታጥሯል። ልብስ ሰፊው ቢጫ ጨርቅ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀምጧል። የሞተርን በሽታ በድምፁ ስለሚለይ ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል።]

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ጋሼ፣ ወንበሩን ያዙሩት!

ጆሮ፦ አላዞርም አልኩህ እኮ!

ልብስ ሰፊው፦ መንገዱ እኮ በዚህ በኩል ነው።

ጆሮ፦ ቢሆንስ? እኔ ውድድር የማየው በጆሮዬ ነው። ዓይን ይሸወዳል። ዕድሜ ልኬን ኮፈን ሳልከፍት ነው የሞተር በሽታ ስናገር የኖርኩት።

ልብስ ሰፊው፦ እሱስ ልክ ነው። [ቁልቁል እያየ] ጋሼ! አለፉ! አለፉ! [ጨርቁን ያውለበልባል]

ጆሮ፦ ማን አለፈ?

ልብስ ሰፊው፦ መኪኖቹ ናቸዋ! እነዚያ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙት፣ መሬት ለመሬት የሚሳቡት።

ጆሮ፦ ድምፅ አላቸው?

ልብስ ሰፊው፦ እንደ ፉጨት ነገር።

ጆሮ፦ በቃ፣ ገና አልተጀመረም። መኪና ሲወዳደር ደረት ይደልቃል! መስኮት ያንቀጠቅጣል! ይሄ ማሟሟቂያ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት ሲሉ ሰምቼ ነበር።

ጆሮ፦ ማን ነው ያለህ? ደንበኞችህ? ሱሪ ሲያሳጥሩ የሚያወሩትን ሁሉ ትሰማለህ!

ልብስ ሰፊው፦ የባትሪ ድንጋዩ መሃል መንገድ ላይ ቢያልቅባቸውስ? እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል? ልጄ ትንሽ ሆና እዚሁ በረንዳ ላይ ስትደረድረው ትዝ ይለኛል። «አባዬ፣ ጥላህ አረፈበት፣ ዞር በል» ትለኝ ነበር።

ጆሮ፦ ትዝታህን ተወውና ጨርቁን አስቀምጠው። አሁን ክንድህ ይዝልና ዋናው ሲጀመር ልጅህ ባዶ በረንዳ ታያለች።

ልብስ ሰፊው፦ እሱን አይበሉኝ! «መኪና ከተወዳደርሽ ቤቴን እንዳትረግጪ» ያልኳት ቀን ወጥታ ይኸው እስከ ዛሬ የለችም። ትናንት ነው የላከችብኝ። «ታርቀኸኝ ከሆነ ሳልፍ ጨርቅ አውለብልብልኝ። ካየሁ ቤት እመጣለሁ፣ ካላየሁ ግን አላስቸግርህም» ብላ።

ጆሮ፦ ታዲያ ለማሟሟቂያው ምን አደከመህ?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ማሟሟቂያውን ከዋናው በምን ልለየው? ቆብ ሲያጠልቁ ደግሞ ሁሉም አንድ ናቸው። ስለዚህ ላለፈው ሁሉ አውለበልባለሁ።

ጆሮ፦ እህቴ አንተን ስታገባ ምን ነበር የታያት! [በድንገት እጁን ያነሳል] ዝም በል! ይህን ፉጨት ሰማህ?

ልብስ ሰፊው፦ እነሱ ናቸው ጋሼ፣ ዞረው መጡ። [ያውለበልባል]

ጆሮ፦ ምን እነሱ! የስፌት ማሽንህ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ማንም አልረገጠውም እኮ!

ጆሮ፦ የሚያሰጋውስ ሳይረገጥ የሚያፏጭ ነው። ውስጥ ውስጡን ተበልቷል። መፍቻ አምጣ። [ማሽኑን መፍታት ይጀምራል]

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ ጨዋዎች መሰሉህ... መሰሉዎት! ጨርቁን ሳውለበልብ መታጠፊያው ላይ ቀስ ይላሉ። ሰላምታዬን እየመለሱ ነው።

ጆሮ፦ የሚከበር ሲያዩ ነዋ። እኔን አይተው ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ጀርባዎን?

ጆሮ፦ ጀርባም ቢሆን የማን እንደሆነ ያስታውቃል። ይቺን ብሎን ያዝልኝ።

ልብስ ሰፊው፦ አንዷ መኪና ብቻ ናት የማትቀንሰው። ባለ ቀይ ቆቧ። ሌሎቹ ቀስ ሲሉ እሷ ጥላቸው ትሄዳለች።

ጆሮ፦ ባለጌ! አሳዳጊ የበደላት!

ልብስ ሰፊው፦ እውነትዎን ነው። አባቷን አግኝቼ አንድ ነገር በነገርኩት!

[ፉጨት። ልብስ ሰፊው ያውለበልባል፤ ጆሮ ሌላ ብሎን ያወጣል። ደጋግሞ እንዲሁ። ከታች ጩኸትና ጭብጨባ ይፈነዳል።]

ልብስ ሰፊው፦ ሕዝቡ ምን ሆኖ ነው?

ጆሮ፦ መጠበቅ ሰልችቶት ነው። እኔንም ሰልችቶኛል።

[ቀስ በቀስ ጸጥታ ይሆናል። ሠራተኞች የሽቦ አጥሩን መንቀል ይጀምራሉ።]

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ አጥሩን እየነቀሉ ነው።

ጆሮ፦ [ብድግ ብሎ ወንበሩን ወደ መንገዱ ያዞራል] አላልኩህም? ለትልልቆቹ መኪኖች መንገድ እያሰፉ ነው። አሁን ሊጀመር ነው! በል ጨርቅህን አንሳ!

[ልብስ ሰፊው የዛለ ክንዱን እያሸ፣ ባዶውን መንገድ እያየ ያውለበልባል። ልጁ ቀይ ቆቧን በብብቷ ይዛ በቀስታ ትገባለች።]

ልጅት፦ አባዬ፣ በቃህ። ክንድህን አሳርፈው።

ልብስ ሰፊው፦ [ጨርቁን እንደያዘ ወደ እሷ ዞሮ] አይተሽኛል?

ልጅት፦ በየዙሩ! ግን ቢጫውን ምረጥ ያለህ ማን ነው? በኛ ውድድር ቢጫ ጨርቅ ከተውለበለበ «አደጋ አለ፣ ቀንሱ» ማለት ነው። ሌሎቹ እየደነገጡ ሲቀንሱ፣ እኔ ብቻ አባቴ መሆኑን ስለማውቅ ሳልቀንስ አለፍኳቸው።

ልብስ ሰፊው፦ [ቀዩን ቆብ እያየ] ባለጌዋ አንቺ ነሽ እንዴ?

ልጅት፦ አንደኛ ወጣሁ። ዳኞቹ በጨርቁ ምክንያት እየተጨቃጨቁ ነው፤ ዋንጫውን ይንጠቁኝ፣ አይንጠቁኝ እንጃ። እኔ እንደሆንኩ ቤቴ ገብቻለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ [ፊቱን በጨርቁ እየጠረገ] ጥላዬ እንዳያርፍብሽ፣ ዞር ልበልልሽ?

ልጅት፦ ኧረ ይረፍብኝ! [ወለሉን ታያለች] ማሽኑ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተበታተነው?

ልብስ ሰፊው፦ አንቺ ባለፍሽ ቁጥር አጎትሽ እሱን ሲያክሙት ነበር።

ጆሮ፦ [አንዲት የተረፈች ብሎን በጣቱ ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ማሽኑ ያስጠጋል] ታዲያ ዳነላችሁ እኮ! ስሙት እስቲ፤ ፉጨቱ ቆሟል።