የአቶ ደመላሽ «ቆይ እስቲ»

ሥራ የሚሠራበት ቤት ሁሉ አንድ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው አያጣም። እግዚአብሔር እንደ እኔ ያለውን ችኩል ሲፈጥር፣ እንዳይጠፋ ብሎ አጠገቡ አንድ ቆይ ባይ ያስቀምጣል። ስሙ ይመስገን። ግን አንዳንድ ቀን ከመጥፋትና ከመቆየት የትኛው እንደሚሻል ግራ ይገባኛል።

የእኛው ቆይ ባይ ክቡር አቶ ደመላሽ ይባላሉ። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ውስጥ ጸሐፊዬ ናቸው፤ በሰፈራችን ዕድር ደግሞ ንብረት ያዥ። ወደ ይርጋጨፌ ሲሄዱ ሚኒባስ ከመሳፈራቸው በፊት ጎማዎቹን ዞረው ያያሉ። አንድ ጊዜ አይተው ሲጨርሱ መኪናው ጥሏቸው ሄደ። «ቢሆንም ጎማው ደህና ነበር» አሉኝ፣ ተናደው ሳይሆን ተደስተው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ዝናብ ቢመጣ እንኳ «ቆይ እስቲ፣ አንድ ካስማ ጎድሏል» ይላሉ፤ ለቀስተኛው እዚያው በቁሙ ይበሰብሳል።

በ2002 ዓ.ም. ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ኮምፒውተሮቼ የሚሠሩት ከሰው ሰው ሲገለበጥ በመጣ ፕሮግራም ነበር። ደንበኛ በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ሁሉ እኛ ቤት ጎጆ ወጣ። ጠዋት የጻፍነው ከሰዓት አይከፈትም። ሱቁን በእግሩ ያቆመው የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሥራ ነበር፤ የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናቸው፣ ፈተናቸውን ሁሉ የምንጽፈውና የምናባዛው እኛ ነን። እሳቸው ከሄዱ መዝጋቴ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተናም ደረሰ።

ኮምፒውተር የሚጠግንልን ሲራክ አንድ ሲዲ ይዞ የገባው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ የጽሑፍ ፕሮግራም አመጣሁልህ። ፍሪ ነው! ኦፕን ሶርስ ይባላል። ብትገለብጠው፣ ብታከፋፍለው ማንም አይጠይቅህም።»

«ተመስገን!» አልኩ። «አሁኑኑ ሁሉም ላይ ጫንልኝ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ ክቡርነታቸው። «የማን ነው?»

«የሁሉም ነው፣ ጋሽ ደመላሽ።»

«የሁሉም የሆነ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠራል?»

ሲራክ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የፕሮግራሙን የእንግሊዝኛ የፈቃድ ውል መዝገበ ቃላት ይዘው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ እኔ የጋብቻ ውሌን እንኳ እንዲያ አላነበብኩትም። ከዚያ ጥግ የተጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አስነሥተው እሱ ላይ ብቻ አስጫኑት፤ የአምናውንም ፈተና ከፈቱበት። «ክፍት ቦታውን ሙሉ» በሚለው ክፍል ውስጥ ክፍት ቦታዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል።

ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነበሩ። «አቶ ኃይለኢየሱስ፣ ፈተናው ሰኞ ነው እኮ። ልጆቹን በቃል ልፈትናቸው?»

ይቅርታ ለምኜ ዞር ስል አቶ ደመላሽ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይጽፋሉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለሠሪዎቹ ነው። ክፍት ቦታው እንደሚጠፋ እየነገርኳቸው ነው።»

«እንጀራዬ ሊሄድ ነው፣ እርስዎ ለማያውቁት ፈረንጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ?»

«ኃይለኢየሱስ፣ የዕድር ድንኳን ተውሰህ ቀዳዳውን ሳትናገር ትመልሳለህ? ዝናቡ የሚወርደው በሚቀጥለው ለቀስተኛ ላይ ነው።»

«ድንኳኑን ገና አልተከልነውም እኮ!»

«ጥሩ። ታዲያ ቀዳዳ የሚታየው መቼ ነው?»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ፈተናውን ሌላ ቤት ወሰዱት። እዚያ ጉድ ሆነ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልሆነም። ፈተናው በሰዓቱ ደረሰ፣ ክፍት ቦታዎቹም በየቦታቸው ነበሩ። ሴትዮዋ ወደ እኛ አልተመለሱም።

ከፈተናው በኋላ ባለው እሑድ ከጸሎት ስመለስ አቶ ደመላሽን ላሰናብታቸው ቆርጬ ወደ ዕድሩ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ ለቅሶ ግን የለም። ብቻቸውን መሐሉ ቆመው ሽቅብ ያያሉ።

«ቆይ እስቲ፣ ግባ። ከውስጥ ካልሆነ አይታይም።»

ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ፀሐይዋ ሸራው በተበሳበት ሁሉ ሾልካ ትገባለች። መርፌና ሲባጎ ይዘዋል። የተቀደደውን ጫፍ አስያዙኝ።

«ሠሪዎቹ መለሱልኝ» አሉ። «የተበላሸውን ገጽ ላክልን አሉ።»

«ደንበኛችን ሄደዋል፣ ጋሽ ደመላሽ።»

«አውቃለሁ።» መርፌውን ሳቡ። «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ግን ካየሁ በኋላ ዝም ልል ነበር?»

ላሰናብታቸው የመጣሁት እኔ፣ ሰፍተው እስኪጨርሱ ሸራውን ይዤ ቆምኩ።

በሚቀጥለው ዓመት በወጣው የፕሮግራሙ እትም ክፍት ቦታዎቹ ተመለሱ። «እንግዲህ ሁሉም ላይ እንጫነው?» ስል ምን እንዳሉ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ሱቄ በማመልከቻና በአቤቱታ ጽሑፍ ነው የምትተነፍሰው፤ ኪራይ በደረሰ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ግን ጠዋት የጻፍነው ከሰዓት ይከፈታል።

አንድ ቀን እኔም ስጠራ ድንኳኔን የሚያስተክሉት እሳቸው ናቸው፤ ቀብሬ መዘግየቱ አይቀርም። ይዘግይ። ሰው ሁሉ «ኃይለኢየሱስ አረፈ» ብሎ ሊሸከመኝ ሲነሣ፣ አንድ ሰው እንኳ «ቆይ እስቲ» ብሎ ጠጋ ብሎ ቢያየኝ ደስ ይለኛል።