የሚገባ እንግሊዝኛ

እንግዳ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው እንግዳውን ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። እኛ ደባርቅ ላይ ስንጠብቅ የነበረው ቆዳ ነው። ነጭ ቆዳ።

ያኔ በቤተ ክርስቲያን በተቋቋመች አንዲት አዲስ ኮሌጅ አማርኛ አስተምር ነበር። ከባሕር ማዶ የእንግሊዝኛ መምህር ሊመጣልን ነው ተባለ። ዲናችን አቶ መኳንንት ወሬውን ከሰማ ጀምሮ እግሩ መሬት መርገጥ ተወ። ለእንግዳው ከጎረቤቴ ከእትዬ ጥሩዬ ግቢ ቤት ተከራየ። ሹካና ቢላ ገዛ። ከጎንደር ድረስ መቀመጫ ያለው የፈረንጅ ሽንት ቤት አስጭኖ አመጣ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም! እትዬ ጥሩዬ ይህ ያለ ውኃ ምን ያደርጋል ቢሉት፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ ብሎ ገሠጻቸው። ኋላ ዶሮ ታቀፈችበት።

ቀኑ ደረሰ። ዲኑ ተማሪ አሰልፎ፣ አበባ አስይዞ አውቶቡሱ በር ላይ ተገተረ። ሳሪ የለበሱ፣ ከእኔ የሚጠቁሩ፣ ጠና ያሉ ሴት ወረዱ። ዲኑ ገለል አድርጎ አሳለፋቸውና አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ማየቱን ቀጠለ። ቀጥሎ የወረደው ሁለት ዶሮ ያንጠለጠለ የዛሪማ ነጋዴ ነው። ሴትዮዋ ዞር ብለው፣ የምትጠብቁት መምህር እኔ ነኝ፣ ስሜ አናማ ነው፣ ከሕንድ ነው የመጣሁት አሉ። አቶ መኳንንት አበባውን ሲሰጣቸው ፊቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ የተቀበለ ሰው ፊት ነበር።

ከተማውስ ቢሆን መቼ ተኛ? ሕንድ ላም ያመልካል ተባለ። እትዬ ጥሩዬ በዚያው ዕለት ላማቸውን ወደ እህታቸው ቤት አሸሹ። "ሴትዮዋ ላሜን አምላክ ስታደርግብኝ፣ ወተቷን በምን አፌ እጠጣለሁ?" አሉኝ። ደግሞ ሊፈትኗቸው አስበው ረቡዕ ዕለት በጠዋቱ እንቁላል ጠብሰው ገቡ። ሚስ አናማ ሳህኑን በትሕትና መለሱት። ረቡዕ አይደል፣ ጾም ነው ብለው። እትዬ ጥሩዬ ሮጠው ቄሱ ዘንድ ሄዱ። ቄሱም፣ ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ ሕንድ ወርዶ ያጠመቃቸው ክርስቲያኖች ናቸው፣ ሃይማኖታችን አንድ ነው አሏቸው። ላሚቱ ተመለሰች።

ዲኑ ግን አልተመለሰም። እንግሊዝኛዋ የሕንድ ነው እያለ ያማቸዋል። ማን? ከምሳ በኋላም "ጉድ ሞርኒንግ" የሚለው ሰውዬ! ተማሪዎቹ ግን አፋቸውን ፈቱ። ቱሪስት ባዩ ቁጥር እስክሪብቶ ስጠን ከማለት በቀር ሌላ የማያውቁ ልጆች፣ ቆመው መጠየቅና መከራከር ጀመሩ።

አዲሱ አዳራሽ ሊመረቅ ሲል ዲኑ ጨነቀው። እንግዶች ከጎንደርም ከዳባትም ተጠርተዋል።

"ኧረ አቶ መኳንንት፣ መምህርቷ አሉልን አይደል?" አልኩት።

"አሉ" አለኝ። "ግን ፎቶ ላይ አይታዩም።"

በምርቃቱ ጠዋት ዲኑ ከተራራው፣ ከሳንቃ በር የወረደ አንድ ቱሪስት ሆቴል ቁርሱን ሲበላ አገኘ። ፀሐይ የላጠው፣ ጢሙ የተንጨባረረ፣ እንግሊዝኛ የማይሰማ የቼክ አገር ሰው። ትምህርት ቤት ላስጎብኝህ ብሎ በምልክት አግባብቶ አመጣውና ከክብር እንግዶቹ መሐል ጉብ አደረገው። ሚስ አናማን ከኋላ፣ ከበሩ ጎን አስቀመጣቸው። ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ሳሪያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ዲኑ "ከባሕር ማዶ የመጡት መምህራችን" ብሎ ማይኩን ለቼኩ ሰጠው። ሰውዬው በአገሩ ቋንቋ ጥቂት ተናገረ። ምስጋና መሰለኝ። ዲኑ ተረጎመ፦ "ኮሌጃችሁ ከአገሬ ኮሌጆች በምንም አያንስም ይላሉ!" ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ወዲያው የሚስ አናማ ተማሪ ብድግ አለችና በጠራ እንግሊዝኛ፣ ምን ሊያስተምሩን አስበዋል ብላ ጠየቀችው። ቼኩ ዲኑን አየ። ዲኑ ጣሪያውን አየ።

በዚህ ጊዜ ሚስ አናማ ተነሡ። ሊያጋልጡት ነው ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ። እሳቸው ግን ወደ ፊት ሄደው የቼኩን እጅ ጨበጡና በተሰባበረ አማርኛ፣ "እንግዳ ደክሟል። ከተራራ መጥቷል። ይረፍ። እኔ እመልሳለሁ" አሉ። ለልጅቷም ቀስ ብለው፣ በቀላል እንግሊዝኛ መለሱላት። አዳራሹ በሙሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ይኼኔ ከዳባት የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ልጆቻችንን እኒህ ነጩ ሰውዬ ያስተምሩልን" አሉ። "የሴትዮዋ ለእኔ ላልተማርኩት እንኳ ይገባኛል። የሚገባ እንግሊዝኛ ምን ይረባል?" ከጎንደር የመጡት ሹማምንት ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ማታ ለምን አዳኑት ብዬ ሚስ አናማን ጠየቅኋቸው። "ዲኑን አይደለም። ያ ምስኪን ሰው ላብ አጥምቆት ነበር" አሉኝ። ዲኑማ ምስጋናው ቀርቶ፣ ፕሮግራሜን አበላሽተዋል ብሎ ተቆጣቸው።

እውነት ታሸንፋለች የምትሉ ካላችሁ፣ በቀጣዩ ዓመት የኮሌጁን በር ማየት ነበረባችሁ። በነጩ ሰውዬ ዝና ተማሪ ከበር እስከ አስፋልት ተሰለፈ። ሁሉንም ያስተማሩት ሚስ አናማ ናቸው። ውላቸው እስኪያልቅ አስተምረው፣ እትዬ ጥሩዬን አስለቅሰው አገራቸው ገቡ።

ልጆቹ ዛሬ ሰሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚዎች ናቸው። ሲያስረዱ እንደ ሚስ አናማ ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዘውዛሉ። ቱሪስቶቹም ቦምቤይ ነው የተማርከው እያሉ ይጠይቋቸዋል። አቶ መኳንንት ይህ ቢያሳፍረው፣ የልጆቹን አንገት የሚያቃና ፈረንጅ ይላክልኝ ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል አሉ።